እትዬ የምትባለው የትኛዋ ናት?

ጠብታ ደም አይፈራም፣ አለቃም አይፈራም። አክስቶቹን ግን ይፈራል፤ ሁለቱንም፣ እኩል፣ ሳያበላልጥ።

"ጠብታ" ብለው ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ከእጁ አንዲት ጠብታ ባክና አታውቅማ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ደም ከቱቦ ወደ ቱቦ ሲያዘዋውር አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ አያውቅም። ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ መላጣ ነው፣ ብቻውን ነው የሚኖረው። "ምነው ሳታገባ ቀረህ?" ያለው ሰው እንደሆነ "ሁለት አክስት አለኝ" ብሎ ይመልሳል። አክስቶቹን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይጠይቀውም።

እናቱ በልጅነቱ ስትሞትበት ያሳደጉት እነሱ ናቸው፤ የእናቱ ታላላቅ እህቶች። አንደኛዋ ሻለቃ ትባላለች። ውትድርና ደጁንም አልረገጠችም፤ ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ውስጥ ተማሪ ስታሰልፍ ኖራ፣ ጡረታ ከወጣች በኋላም ያ ድምፅ አልለቅ ብሏት ነው። ወፍራም ናት፣ ስትስቅ ጠረጴዛ ላይ ያለ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ሌላኛዋ ስንጥር ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ አንዲት ቃል ጣል አድርጋ የሰው ቆሽት የምታሳርር። ሁለቱም ባሎቻቸው ሞተውባቸዋል። የሚኖሩት አንድ አሮጌ ፎቅ ሦስተኛ ደርብ ላይ ነው፤ በራቸው ጎን ለጎን፣ የመታጠቢያ ቤታቸው ግድግዳም የጋራ። ከተነጋገሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ምክንያቱን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጎረቤታቸው ልጁን ሲድር በማይክራፎን "ታላቂቱ እህት ወደ ፊት መጥተው ይቀመጡልን" አለ። ያለው ወንበር አንድ ነበር። ሁለቱም ተነሡ። ሁለቱም ሄዱ። ሁለቱም ተቀመጡ። ወንበሩ ተሰበረ። የሙሽሮቹን ነገር ማን ያስታውስ! እንግዳው ሁሉ ሁለት አሮጊቶች ከወለል ላይ ሲያነሣ ዋለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱም "እትዬ ብላ ካልጠራችኝ አላናግራትም" ብለው ዘጉ። ታናሽ ናት እትዬ የምትለው፤ ታናሽ ግን በቤቱ ጠፋች።

ሻለቃ ማስረጃ አላት። "እኔ እናቴ ቤት ተወለድኩ፣ እናቴ ቤት አደግኩ። ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ይቺ ከአያታችን ቤት ጥቅሏን አንጠልጥላ መጣች። 'እህትሽ ናት' አሉኝ። እኔ ነበርኩ፤ እሷ መጣች። ኋላ የመጣ ታናሽ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?"

ስንጥርም ማስረጃ አላት። "አያቴ ጋ ለምን ተላኩ? ቤቱ ውስጥ ሌላ ሕፃን ስለነበረ፣ የእናቴ ጡት ለሁለት አልበቃ ስላለ! ሕፃን ሲመጣ የሚላከው ጠና ያለው ነው። እኔ ጠና ስላልኩ ተላኩ። በቃ።"

እናታቸውን በጠየቋት ቁጥር "ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ፤ ዞር በሉልኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ" ትላቸው ነበር። እንዲሁ እንዳለች ሞተች። የልደት ወረቀት የሚባል ነገር የለም። መታወቂያ አለ፣ ግን ምን ይረባል! ሻለቃ መታወቂያዋን ስታሳድስ ዕድሜዋ ላይ ሁለት ዓመት ትጨምራለች፤ ስንጥር ይህን ስትሰማ ሄዳ ሦስት ትጨምራለች። አሁን ሻለቃ ሰማንያ ስምንት፣ ስንጥር ዘጠና ደርሰዋል። በዚህ አካሄዳቸው ጥቂት ዓመት ቢቆዩ የገዛ እናታቸውን በዕድሜ ይበልጧት ነበር።

ይህ ሁሉ ያስቅ ነበር፤ እስካለፈው ወር ድረስ።

ባለፈው ወር አንድ ረፋድ ላይ ስንጥር መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ አዳልጧት ወደቀች። እግሯ አልነሣ አለ። ስልኩ ሳሎን ነው። ጫማዋን አወለቀችና ግድግዳውን ደበደበች። በግድግዳው ማዶ ሻለቃ ልብስ እያጠበች ነበር። ሰማች። "አሃ፣ ነገር ፈልጋኛለች!" አለችና መጥረጊያዋን አንሥታ መልሳ ደበደበች። ስንጥር "ሰምታኛለች፣ አሁን ትመጣለች" ብላ ባሰባት። ሻለቃም ባሰባት። አራት ሰዓት ሙሉ አንድ ግድግዳ ከግራና ከቀኝ ሲቀጠቅጡ ዋሉ። ጠብታ ከሥራ ወጥቶ ሊጠይቃቸው ሲመጣ ሻለቃ ላብ በላብ ሆና፣ በሩን ከፍታ፣ "አሸነፍኳት! ዝም ብላለች!" አለችው።

የስንጥርን በር በትርፍ ቁልፉ ከፍቶ ገባ። ወለሉ ላይ እንደተጋደመች፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ጫማዋን እንደጨበጠች አገኛት። አጥንት አልተሰበረም፤ ወለምታ ብቻ ነበር። "ምነው አልጮህሽም?" ቢላት "ስለምናት እንድትሰማኝ ነው?" አለችው። ያን ቀን ጠብታ የሻለቃንም ልብ አየ፤ ነገሩን ስትሰማ መጥረጊያዋን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች፤ ግን የእህቷን በር አላንኳኳችም። "ትጥራኝ" አለች፣ "እትዬ ብላ ትጥራኝና በእንብርክኬ እሄዳለሁ።"

የዛሬው ወለምታ ነበር፤ የሚቀጥለው ምን እንደሚሆን ጠብታ ያውቃል። እሱ ሥራ ላይ ነው የሚውለው። ግድግዳ ሲደበደብ በር የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ካለችው በቀር ማንም ሊሆን አይችልም። እንቅልፍ አጣ። በሦስተኛው ቀን ዓይኑን በጨው ታጥቦ አንድ ውሸት አሰበ።

ላቦራቶሪያቸው በዚያ ሰሞን ሰው ሲያረጅ ዕድሜ ያረዝማሉ የሚባሉት ጂኖች ምን እንደሚሆኑ እያጠና ነበር። ደም የሚሰጡ አዛውንቶች ይፈለጋሉ። ጠብታ መጀመሪያ ሻለቃ ዘንድ፣ ቀጥሎ ስንጥር ዘንድ ገብቶ ያንኑ ንግግር ሁለት ጊዜ ተናገረ።

"አክስቴ፣ ስሚኝ። እያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ አንድ መጽሐፍ አለ በይ። ፊደሉ እስክንሞት አይለወጥም። ግን በየገጹ በእርሳስ የተደረጉ ትንንሽ ምልክቶች አሉ፤ እኛ ሜቲሌሽን እንላቸዋለን። 'ይህን አንብብ፣ ይህን እለፈው' የሚሉ ናቸው። ሰው ሲያረጅ ምልክቱ አንዱ ገጽ ላይ ይደበዝዛል፣ ሌላው ገጽ ላይ ይጎላል። ዕድሜ የሚያረዝሙት ገጾች ላይም እንዲሁ ነው። እኛ ምልክቶቹን ቆጥረን ዕድሜ እናወጣለን።"

"የውነት ዕድሜ?" አለች ሻለቃ።

"የውነት" አለ ጠብታ። ውሸቱ ይህ ነበር። ምልክቶቹ የሚናገሩት ሰውነት ምን ያህል እንዳረጀ እንጂ ሰውየው መቼ እንደተወለደ አይደለም፤ ያውም ሦስት አራት ዓመት ወዲያና ወዲህ ይላሉ። የአንድ ዓመት ታላቅነትን በዚያ መፍረድ የማይሆን ነገር ነው። የሱ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር፦ ማሽኑ አንዷን ታላቅ ይላታል፣ ሌላዋ ከማሽን ጋር መጣላት ስለማትችል "እትዬ" ትላለች፣ በሩም ይከፈታል። ማንኛዋም ታላቅ ብትሆን ግድ የለውም። ቅጹ ላይ "ውጤትዎ እንዲነገርዎ ይፈልጋሉ?" የሚለው ጋ ስንጥር ምልክቱን ሁለት ጊዜ አደረገች፤ ሻለቃ ወረቀቱ እስኪቀደድ አደረገችው።

ደም የመስጫው ቀን ሌላ ጉድ ፈላ። ሁለቱ በተለያየ ታክሲ መጡ። "ታላቅ ትቅደም" አለች ሻለቃ እጇን ዘርግታ። ስንጥርም ያንኑ ሰዓት እጇን ዘረጋች፤ ለሻለቃ ሳይሆን ለጣሪያው "ታላቅ መቅደሟ አዲስ ነገር ነው?" አለች። ጠብታ መርፌውን ይዞ በመካከላቸው ተገተረ። በመጨረሻ የላቦራቶሪው ኃላፊ ራሷ ወጥታ፣ እሷ የሻለቃን ክንድ፣ እሱ የስንጥርን ክንድ ይዘው፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብለው ባንድ ጊዜ ወጉ።

"ቤተሰብህ ደስ ይላል" አለችው ኃላፊዋ፣ ዘወር ብላ።

እዚህ ላይ ስለ ላቦራቶሪው አንድ ሕግ ልንገራችሁ። ኮምፒውተሩ ምልክቶቹን ከመቁጠሩ በፊት ሃምሳ ዘጠኝ ቦታ ላይ ፊደሉን ራሱን ያያል። ፊደሉ በዕድሜ አይለወጥምና፣ ቱቦ ከቱቦ የተቀላቀለ እንደሆነ በዚያ ይታወቃል። አንድ ባለሙያ ተዘናግቶ ከአንዱ ሰው ደም ሁለት ጊዜ ቀድቶ የሌላውን ከረሳ ኮምፒውተሩ "እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው" ብሎ ያጋልጠዋል። የተጋለጠው ሰው ፎቶግራፍ በትልቁ ማቀዝቀዣ በር ላይ አንድ ወር ይለጠፋል፤ ከሥሩም "ይህን ሰው ቱቦ አታስነኩት" ተብሎ ይጻፋል። ሕጉን ያወጣው ማን ይመስላችኋል? ጠብታ። ጽሑፉም የሱ ነው፤ በቆንጆ የእጅ ጽሕፈት።

ውጤቱ ሲመጣ ጠብታ ሻይ እየጠጣ ነበር። ሻዩ ትን አለው። "ናሙና አሥራ አንድና ናሙና አሥራ ሁለት ከአንድ ሰው የተወሰዱ ናቸው" ይላል። አሥራ አንድ ሻለቃ ናት፣ አሥራ ሁለት ስንጥር።

መቼም የዚያን ዕለት የተሳቀውን ሳቅ ያላየ ምን አየ! ከሌላ ክፍል እንኳ ሰው እየመጣ ማቀዝቀዣውን ጎበኘ። ፎቶው ከሠራተኛ መታወቂያው የተወሰደ ነው፤ ፀጉር በነበረው ጊዜ የተነሣው። "ቢያንስ ፀጉር አለህበት" ብላ አጽናናችው ኃላፊዋ። ጠብታ ኩም አለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ደግሞ በገዛ አክስቶቹ ደም!

እንደገና ደም ሊወስድ ሄደ። አክስቶቹ ጠረጠሩ። "ለምን ሁለተኛ አስፈለገ? እሷ አስለውጣው ነው አይደል?" አለች ሻለቃ። "ቁጥሩ ለሷ ስላልጣማት ነው" አለች ስንጥር በበኩሏ። በዚህኛው ዙር ጠብታ ከሻለቃ ጠዋት፣ ከስንጥር ከሰዓት በኋላ ወሰደ፤ አንዱን ባለ ቀይ ክዳን፣ ሌላውን ባለ አረንጓዴ ክዳን ቱቦ አደረገ፤ እየቀዳ ጮክ ብሎ "ይህ የሻለቃ ነው፣ ይህ የስንጥር ነው" እያለ ተናገረ፤ ምስክርም አቆመ። ኮምፒውተሩ "ከአንድ ሰው የተወሰዱ ናቸው" አለ። ማቀዝቀዣው ላይ ያለው ፎቶ ወርዶ በትልቁ ታትሞ ተመለሰ።

ያን ቀን ምሳ አልበላም። እጁን እያየ ዋለ። ምናልባት እያረጀ ነው፤ ምናልባት የሱም ምልክቶች ደብዝዘዋል፤ ምናልባት ወደፊት ማቀዝቀዣው ላይ ሲለጠፍ የሚኖር ሰው ሆኗል። አክስቶቹ ደግሞ በየፊናቸው ሦስት ሦስት ጊዜ ደወሉ።

"ቁጭ በል" አለች ኃላፊዋ በሦስተኛው ዙር። "እኔ ልሥራው። ዶክተር ከመባሌ በፊት ስምንት ዓመት ቱቦ ይዣለሁ፤ እንዴት እንደሚሠራ ላሳይህ።" ራሷ ሄዳ ደም ወሰደች፤ ሻለቃ ጋ በሄደች ጊዜ ስለ ወገብ አያያዟ ተገሥጻ፣ ስንጥር ጋ በሄደች ጊዜ የጋውኗ ስፌት ተተችቶባት ተመለሰች። ራሷ ቀዳች። ራሷ ማሽኑ ውስጥ አስገባች። ከጀርባዋ መላው ላቦራቶሪ ቆሞ ነበር።

"ከአንድ ሰው የተወሰዱ ናቸው" አለ ኮምፒውተሩ።

ከኋላ አንዱ ሰው ካሜራ ያለው ማን ነው ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀ።

"በጭራሽ!" አለች ኃላፊዋ፤ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። "በሕይወቴ ማቀዝቀዣ ላይ አልለጠፍም! አልተሳሳትኩም! እሱም አልተሳሳተም! የዚህ ሰውዬ አክስቶች..." አለችና አፏን በእጇ ያዘች። "የዚህ ሰውዬ አክስቶች መንታ ናቸው። ከአንድ ፅንስ የተከፈሉ መንታ።"

ጠብታ ሳቀ። "መንታ? ዶክተር፣ አይተሻቸዋል እኮ! አንዷ ሁለት ወንበር..." ሳይጨርስ ቆመ። የወፈሩበትንና የከሱበትን ተወና ሌላውን አሰበ። ሁለቱም ሲናደዱ የግራ ቅንድባቸው ብቻ ነው የሚነሣው። የሁለቱም አንገት ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ማርያም የሳመቻቸው ጥቁር ነጥብ አለች። ደግሞ የእናታቸው ጡት ለሁለት ሕፃን አልበቃ አለ። ለሁለት። ባንድ ጊዜ።

ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው የኖረው ክርክር ውስጥ መልሱ ቁጭ ብሎ ነበር። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

የምልክቶቹም ቆጠራ አብሮ መጥቶ ነበር። ስንጥር ሰባ ሦስት፣ ሻለቃ ሰማንያ አንድ። ፊደላቸው አንድ፣ ምልክታቸው ለየቅል። "በልጅነታቸው ቢሆን ምልክቱም አንድ ዓይነት ይሆን ነበር" አለች ኃላፊዋ ወረቀቱን እያየች። "ሰው ሲኖር ነው የሚለያየው፤ የበላው፣ የደከመበት፣ ያዘነበት።" ከዚያም ወደ ማቀዝቀዣው ሄዳ የጠብታን ፎቶ በክብር አነሣችው።

ጠብታ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስተኛው ደርብ ኮሪደር ላይ ሁለት ወንበሮች አወጣ። ቁመታቸውን በሜትር ለክቷል። አንዷን ከሻለቃ በር ፊት፣ አንዷን ከስንጥር በር ፊት አደረገ። ወጡ። ሻለቃ ሽቶ ተቀብታለች፤ ስንጥር ራሷ የሰፋችውን ካፖርት ለብሳለች። እርስ በርስ አልተያዩም፤ ሁለቱም እሱን አዩት።

"ስንጥር ሰባ ሦስት" አለ። "ሻለቃ ሰማንያ አንድ።"

"እልልልል!" ሻለቃ ከወንበሯ ዘላ ተነሣች፤ በሕንፃው ውስጥ በር ሲከፈት ተሰማ። "እኔ አላልኩም? ስምንት ዓመት! በአንድም አይደለም፣ በስምንት! ትጥራኝ፣ አሁኑኑ እትዬ ብለሽ ጥሪያት በላት!"

ስንጥር ግራ ቅንድቧ ተነሣ። ከዚያ ትንሽ ፈገግ አለች። "ሰባ ሦስት" አለች ለጣሪያው። "ያስታውቅብኛል። ቆዳዬን ያየ ሁሉ ይገረማል።"

ሻለቃ እልልታዋ መሃል ላይ ተቆረጠ። "ቆይ፣ ሰማንያ አንድ? እኔ? ይህን ያህል አርጅቻለሁ? ይህ ማሽን ምን ነካው? እንደገና ይቁጠር!"

"ማሽን አይሳሳትም" አለች ስንጥር። "እትዬ ለማለት ዝግጁ ነኝ። እርጅና ይከበራል።"

"ማንን ነው አሮጊት የምትይው?"

በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነበር። ጠብታ አንድ አፍታ በዚሁ ሊያልፈው ፈልጎ ነበር፤ እየተነጋገሩ ነዋ! ግን ሆዱ እምቢ አለው። ያሳደጉትን ሴቶች ዋሽቷል፤ ከዚህ በኋላ መዋሸት አልቻለም።

"ስሙኝ" አለ። "ውሸቴን ነበር። ቁጥሩ መቼ እንደተወለዳችሁ አይናገርም፤ ሰውነታችሁ ምን ያህል እንደደከመ ነው የሚናገረው። መቼ እንደተወለዳችሁ የሚናገረው ሌላ ነው። መንታ ናችሁ። ደማችሁ አንድ ነው። ሦስት ጊዜ አየነው።"

ከታች የሆነ ሰው ምንጣፍ ሲያራግፍ ይሰማል።

መጀመሪያ የተናገረችው ስንጥር ናት፤ ድምፅዋ እንደወትሮው አልነበረም። "ታዲያ ለምን እኔን ላከች?"

ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ።

"እኩል ከሆንን ለምን እኔን?" አለች ስንጥር። "ሰባ ምናምን ዓመት ሙሉ 'ትልቅ ስለሆንኩ ነው፣ ስለምችለው ነው የላከችኝ' ብዬ ነው የኖርኩት። ማታ ማታ አያቴ ቤት ሳለቅስ ራሴን የማባብለው በሱ ነበር። 'አንቺ ትልቅ ነሽ' እያልኩ። አሁን ትልቅም አይደለሁም ማለት ነው። እንዲሁ ነው የተላክሁት።"

ጠብታ፣ ወንበር ተሰብሮ የተጣሉት ለወንበር መስሎት ነበር፤ ሁሉም ሰው መስሎት ነበር። ለምን እሷ እንደተላከች የሚናገር ምልክት በየትኛውም ገጽ ላይ የለም።

ሻለቃ ቆማ ነበር። ያ ድምፅዋ የት እንደገባ እንጃ! እጆቿ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ቀሚሷን ያሻሻሉ። "ወተቱን እኔ ጠጣሁት ማለት ነው" አለች ቀስ ብላ። "ያንቺንም ጭምር።"

"ሕፃን ነበርሽ" አለች ስንጥር።

"ብሆንስ! ጠጣሁት አይደል?" ሻለቃ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለችውን ሦስት እርምጃ ተራመደች። ጎንበስ አለች፤ ወገቧ ቀጭ ሲል ተሰማ። "እንዲህ እናድርግ። ወተቱን እኔ ወስጃለሁ። ታላቅነቱን አንቺ ውሰጂ።" እምባዋ አፍንጫዋ ላይ ተንጠልጥሏል። "እትዬ።"

ስንጥር ከካፖርቷ ኪስ መሐረብ አወጣችና የእህቷን አፍንጫ ጠረገችላት፤ ትንሽ ጠንከር አድርጋ።

"ውሃ ጠምቶኛል" አለች ቀጥላ። "አምጪልኝ።"

"አቤት እትዬ" ብላ ሻለቃ እየተንደረደረች ገባች።

ጠብታ ፊቱን ወደ ደረጃው አዙሮ አለቀሰ፤ ደግሞ ሳቀ። ውሃው መጣ። ስንጥር ቀመሰችና "ቀዝቃዛ አይደለም" አለች። ሻለቃ ተመልሳ ገባች። ከበሩ ውስጥ ሆና "በአንድ ቀን ይህን ያህል?" ስትል ቢሰማም ቀዝቃዛውን ይዛ ወጣች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠብታ ከሥራ ሲመለስ ሁለት ሊትር ወተት ይዞ ደረጃውን እየወጣ ነበር። ሁለተኛው ደርብ ላይ ሲደርስ ሰማው፤ ግድግዳ። ዷ! ዷ! ዷ! ወተቱ ከእጁ ወደቀና በደረጃው ላይ ፈሰሰ፤ እሱ ሦስት ሦስት ደረጃ እየዘለለ ወጣ። የስንጥር በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እንደ ዕብድ ሮጦ ገባ።

ሻለቃ ቀድማው ደርሳለች። ፀጉሯ የሳሙና አረፋ ነው፣ በአንድ እግሯ የቤት ጫማ፣ በሌላው ምንም የለም፤ እያለከለከች "እትዬ! ምን ሆንሽ? ወደቅሽ?" ትላለች።

ስንጥር መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተመቻችታ ተቀምጣለች። በአንድ እጇ ጫማ፣ በሌላው የእጅ ሰዓት ይዛለች።

"ሃምሳ ሁለት ሰከንድ" አለች። "ትናንት አርባ ስምንት ነበርሽ። ወርደሻል።"

"ትናንት ፀጉሬን እየታጠብኩ አልነበረም!"

"ብወድቅስ ኖሮ፣ ፀጉርሽን እስክትታጠቢ ልጠብቅሽ?"

"መጣሁ እኮ! በአንድ ጫማ መጣሁ!" ሻለቃ ወደ ጠብታ ዞረች፤ ዓይኗ ውስጥ ሳሙና ገብቶ አንዱን ጨፍናዋለች። "አንተ ልጅ፣ ንገራት እንጂ! ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው በላት! ራስህ አይደለህም የቆጠርከው?"

"ነገም እንሞክራለን" አለች ስንጥር ሰዓቷን እያሰረች። "አርባ ሰከንድ እስክትገቢ።"

ጠብታ መወልወያ አንሥቶ የፈሰሰውን ወተት ሊወለውል ወደ ደረጃው ወረደ።